ከቀጠሮ የቀሩትን ፍለጋ

ሰኞ ጠዋት በኤአርቲ፣ ማለትም በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍል፣ ሥራው የሚጀምረው ከታካሚ ሳይሆን ከስም ዝርዝር ነው። ዳታ ክለርኩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ባለፈው ሳምንት ቀጠሮ ኖሯቸው ያልመጡትን ሰዎች ያወጣል። ማተሚያው ቀለም ካለው ያትመዋል፤ ከሌለው በእስክሪብቶ ይገለብጠዋል። ወረቀቱ ላይ የካርድ ቁጥር፣ የመጨረሻው ቀጠሮ፣ ለስንት ቀን የሚበቃ መድኃኒት እንደተወሰደ፣ ዳር ላይ ደግሞ አንድ ስልክ ቁጥር ይሰፍራል። ከዚያ ወረቀቱ ወደ አድኸረንስ ሰፖርተሯ፣ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ወደምትረዳው ሠራተኛ፣ ይሄዳል። በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይህን ሥራ የያዙት ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ መድኃኒቱን ለዓመታት የዋጡ ሰዎች ናቸው።

አደዋወሏ ሕግ አለው። «ከጤና ጣቢያ ነው» ብላ አትጀምርም። መጀመሪያ ማን እንዳነሳው ታዳምጣለች። በሴት ቁጥር ላይ የወንድ ድምፅ ከመጣ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብላ ትዘጋለች። ልጅ ካነሳው «እስቲ እማዬን አገናኘኝ፣ ከዕቁብ ነው በላት» ትላለች። ዕቁቧ መዝገብ ሲከፈት የተስማሙባት ምልክት ናት፤ ሌላዋ ታካሚ ዘንድ ልብስ ሰፊ ትሆናለች፣ ሌላው ዘንድ የድሮ የሥራ ባልደረባ። ባለጉዳይዋ ራሷ ስትቀርብ ነገሩ አጭር ነው። «እትዬ፣ ጠፉብን እኮ! ደህና ነዎት? ዕቃዎ እዚህ ተቀምጧል።» «ውይ ልጄ፣ ሐዘን ገጥሞኝ አገር ቤት ወርጄ ነው፤ ሐሙስ እመጣለሁ።» መድኃኒት የሚል ቃል አልተነሳም፤ ኤችአይቪም እንዲሁ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አይሞላም።

አገሪቱ ለኤችአይቪ ሕክምና ስላስገባቻቸው ዲጂታል ሥርዓቶች ብዙ ወርክሾፕ ተካሂዷል፣ ብዙ ሰነድ ተጽፏል። እኔ ግን ሥርዓቱ ሠራ ወይም አልሠራ የምለው በዚህች አንድ ደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ስም በትክክለኛው ቀን ካወጣ፣ ስሙን ያየችው ሠራተኛ ደግሞ መደወል ከቻለች፣ ሠርቷል። የቀረው ጌጥ ነው።

ሁሉም ስልክ ታዲያ አይነሳም። አንዱ ሲሙን ጥሏል። ሌላዋ ቀፎውን ለልጇ ሰጥታ ያለ ስልክ ቀርታለች። ከመጀመሪያው ቀን ፈርቶ አንድ አኃዝ አዛብቶ ያስመዘገበም አለ። ጸበል የገባ አለ። ዓረብ አገር የሄደች አለች፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለሚገባ ሰው የደም ምርመራ ስለሚጠይቁ፣ ቫይረሱ የተገኘበትንም ስለሚመልሱ፣ እንዲህ ያለችው ሴት የምትሄደው ብዙውን ጊዜ በሌላ መንገድ ነው፤ ከሄደች በኋላ በስልክም በምንም ማግኘት ከባድ ነው። በጣም የሚያስቆጨው ግን ሳይጠፋ «ጠፋ» የተባለው ሰው ነው። ሰፈር ቀይሮ፣ ወይም ወረፋ ላይ የሚያውቀው ሰው አይቶት ደንግጦ፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ሄዶ እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያጓድል ይወስዳል። እዚህ ኮምፒውተር ላይ የጠፋ ነው፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ታካሚ። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ይቆጠራል፤ እዚህ ያለችው ሠራተኛም ያልጠፋ ሰው ስትፈልግ ትውላለች።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ አብዛኛው ታካሚ በቀን አንድ ጊዜ የሚውጠው፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን ከቀደሙት መድኃኒቶች በእጅጉ የሚሻል ነው፤ ቫይረሱ በቀላሉ አይላመደውም። ይሁን እንጂ ክኒኑ ቫይረሱን ያስራል እንጂ ከሰውነት አያወጣውም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ መልሶ ይባዛል። ስለዚህ በወር ውስጥ የተገኘ ሰውና በስድስት ወሩ የተገኘ ሰው እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ሲመጣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ወደ ኋላ ልመለስ። ኤችአይቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ በደም ናሙና የታየው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ነበር። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ጊዜ በየቤቱ የሚያስታውሰው አለ። እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ሰዎች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ አደባባይ በወጡበት ዘመን በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ድምፃቸው ብቻ ነበር። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በክፍያ የተጀመረው በ1995 ሲሆን በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ «ዕድሜ ማራዘሚያ» ይባል የነበረው ይህ መድኃኒት ሐኪም ቤቶቻችን ለምደውት የማያውቁትን ነገር ይዞ መጣ፦ አንድን ሰው ዕድሜ ልኩን የመከተል ግዴታ። ወባ የያዘው መጥቶ ታክሞ ይሄዳል፤ ካርዱ ቢጠፋ ሌላ ይወጣለታል። እዚህ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የተቀየረ መድኃኒት የዛሬውን ውሳኔ ይወስናል። ስለዚህ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለታካሚ ክትትል የዋለው የመጀመሪያው ኮምፒውተር የገባው ለልብም ለስኳርም ሳይሆን ለኤአርቲ ክፍል ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ፕሮግራም ስማርት ኬር ይባላል። የተሠራው ዛምቢያ ውስጥ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ከአሜሪካው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሠርተውበታል። የመጀመሪያው ሐሳብ ሰፊ ነበር፤ ታካሚው ታሪኩን የያዘች ካርድ በኪሱ ይዞ ከተቋም ተቋም እንዲዞር ታስቦ ነበር። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፤ መረጃው እዚያው በተቋሙ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ይህ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አገር ብልህ ሐሳብ ነው፤ መስመር ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ነገር ግን ሁለቱ ክፍለ ከተሞች የማይነጋገሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ካርዷም እንደታሰበችው አልዞረችም።

በተግባር የሆነው ይህ ነው። ነርሷ በወረቀት ትጽፋለች፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ለመጻፍ ጊዜ የላትም። ማታ ወይም በማግሥቱ ፋይሎቹ ተቆልለው ወደ ዳታ ክለርኩ ይሄዳሉ፤ እሱ በተራው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። መብራት ከጠፋ ክምሩ ያድጋል። ባንክም ቀበሌም የምንሰማው «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል እዚህም ቤተኛ ነው። ስለዚህ ነርሷ ዛሬ ያየችውን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው። መጥቶ መድኃኒቱን ወስዶ የሄደ ሰው ፋይሉ ገና ስላልተገለበጠ «ቀረ» ተብሎ ስልክ ሊደወልለት ይችላል። ሰውየው ግራ ይጋባል፤ ደዋይዋ ታፍራለች።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል መልሱን ለማግኘት ማን ሪፖርቱን እንደሚያነበው ማየት ይበቃል። ለኤችአይቪ ሥራ ትልቁን ገንዘብ ያወጣው ፔፕፋር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መርሐ ግብር በየሦስት ወሩ ቁጥር ይፈልግ ነበር፦ ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንት ቀረ፣ ስንቱ ተመለሰ። ጤና ሚኒስቴርም በበኩሉ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በኖርዌይ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ዲኤችአይኤስ 2 ይዞ ከወረዳ እስከ ፌዴራል የሚወጣውን ወርሃዊ ሪፖርት ይሰበስባል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ኮምፒውተሩ ወደ ላይ እንዲናገር እንጂ ወደ ጎን፣ ለነርሷ እንዲናገር ተደርጎ አልተቀረጸም። የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር ማውጣት መቻሉ ከዋናው ዓላማ የተረፈ ትሩፋት ይመስላል።

አሁን የመረጃው ፍሬ ወደታየበት ቦታ ልሂድ፤ እሱም የደም ምርመራው ነው።

ቀድሞ መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በሲዲ ፎር፣ ማለትም በበሽታ ተከላካይ ሴሎች ቁጥር፣ ወይም በታካሚው ኪሎ ነበር። ዛሬ የሚለካው ቫይረሱ ራሱ ነው፤ ታካሚዎቹም «ቫይራል ሎድ» ብለው ለምደውታል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1000 ቅጂ በላይ ከተገኘ ወይ መድኃኒቱ በአግባቡ አልተወሰደም ወይ አልሠራም ማለት ነው። ማሽኑ ከሚያየው በታች ከወረደ ደግሞ ሰውየው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህንን የሚለኩ ማሽኖች ግን በየጤና ጣቢያው የሉም። ናሙናው ወደ ክልል ላቦራቶሪ መሄድ፣ ውጤቱም መመለስ አለበት። እዚህ ላይ ማንም ያልጠበቀው ተቋም ገባ፦ ፖስታ ቤት። ደብዳቤ እየቀነሰበት የመጣው የኢትዮጵያ ፖስታ የደምና የአክታ ናሙና በሳጥን አሽጎ ከወረዳ ወደ ላቦራቶሪ ማመላለስ ጀመረ። ስለ ዲጂታል ጤና ሲወራ ይህ የፖስታ መኪና አይነሳም። ያለ እሱ ግን ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው ውጤት አይኖርም ነበር።

የናሙናው መሄጃ ሲገኝ የውጤቱ መመለሻ ችግር ሆነ። በተለይ በሕፃናት ላይ ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ከቫይረሱ ጋር ከምትኖር እናት የተወለደ ሕፃን በስድስት ሳምንቱ ተረከዙን ተወግቶ ጥቂት የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ ይደርቃል፤ ማቀዝቀዣ ሳያሻው ይጓዛል። ቫይረሱ ያለባቸው ሕፃናት ካልታከሙ ከሦስት አንዱ የመጀመሪያ ልደቱን አያይም፤ ግማሾቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ዛምቢያ ውስጥ ፕሮጀክት ምዋና የሚባል ሥራ የሕፃናቱን ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ገጠር ክሊኒክ በጽሑፍ መልእክት መላክ ሲጀምር፣ በአማካይ 44 ቀን ይፈጅ የነበረው ወደ 27 ቀን ገደማ ወረደ። ስማርት ስልክ አላስፈለገም፤ የክሊኒኩ ሠራተኛ ተራ ቀፎ በቃ። አሥራ ሰባት ቀን ለአዋቂ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለዚያ ሕፃን ግን ትልቅ ዕድሜ ነው።

በእኛ አገር የቫይራል ሎድ መረጃ ያስገኘው ትልቁ ለውጥ ደግሞ ስልክም አይደለም፣ መተግበሪያም አይደለም። ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ እንዳይመጡ ማድረጉ ነው። ቀድሞ ታካሚው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይመላለስ ነበር፦ የቀን ሠራተኛው ያንን ቀን ደመወዝ ያጣል፣ የቤት ሠራተኛዋ ለእመቤቷ ሰበብ ትፈጥራለች። በ2010 ዓ.ም. ሁኔታው ለተረጋጋና የደም ውጤቱ ጥሩ ለሆነ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጥ ተባለ። ኢትዮጵያ ይህንን በአገር ደረጃ ከጀመሩት ቀደምት አገሮች አንዷ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ መሄድ! ጥሩ መረጃ ለታካሚው ሲያገለግል መልኩ ይህን ይመስላል፦ ኮምፒውተሩ «ይህ ሰው ደህና ነው» ይላል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ነርሷ ላልደላው ታካሚ ጊዜ ታገኛለች። ኮቪድ ሲመጣም ይህ አሠራር መጨናነቁን ሲያቀል ታይቷል።

በዚያው በ2010 በከተሞች የተካሄደው ኤፊያ የተሰኘ የቤት ለቤት ጥናት ቁጥሩን አስቀምጦታል። ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች መቶ ቢቆጠሩ ራሳቸውን የሚያውቁት 79 ናቸው። ካወቁት ውስጥ 97 በመቶዎቹ መድኃኒት ላይ ናቸው፤ መድኃኒት ላይ ካሉት 88 በመቶ ገደማው ቫይረሱ ተዳክሞላቸዋል። የሚያስገርመው ሁለተኛው ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ ራሱን ያወቀ ሰው ወደ ሕክምና ይገባል። ቀዳዳው ያለው ከፊትና ከኋላ ነው፦ ባልተመረመረውና ጀምሮ በሚያቋርጠው ላይ።

መድኃኒቱን የሚያቋርጠውን ሰው ስልክ ሊመልሰው ይችላል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠችው ጎረቤታችን ኬንያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዌልቴል የሚባል ጥናት 538 ሰዎችን ይዞ ነበር። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ በየሳምንቱ አንድ ቃል በስልካቸው ይደርሳቸዋል፦ «ማምቦ?»፣ እንደምነህ እንደማለት። ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ «ሳዋ» ካለ ደህና ነው፤ «ሺዳ» ካለ ችግር አለ። ችግር አለ ላለና ዝም ላለ ሰው የክሊኒኩ ባለሙያ ይደውላል። ይኸው ነው። መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት መልእክቱ ከደረሳቸው 62 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 50 በመቶ ሆኑ፤ ቫይረሱ የተዳከመላቸውም 57 በ48 ሆነ። በዓመቱ በምዕራብ ኬንያ፣ ቹላይምቦ በተባለ የገጠር ጤና ጣቢያ በ431 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አስገራሚ ነገር አሳየ። በሳምንት አንዴ መልእክት የደረሳቸው ተሻሻሉ፤ በየቀኑ የደረሳቸው ግን ምንም ለውጥ አላሳዩም። ረጅም የማበረታቻ ቃል መጨመሩም አልረዳም።

በየቀኑ የሚጮህ ስልክ ለምን እንደማይረዳ ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ከቴሌ የሚመጣውን የማስታወቂያ መልእክት ማን ያነባል? ዌልቴልን የለየው መልእክቱ ጥያቄ መሆኑና መልሱን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። ይህን ጥናት እየጠቀሱ የሚመጡ የመተግበሪያ ፕሮጀክቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚረሱት ያንን ሰው ነው። በየቀኑ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» የሚል አውቶማቲክ መልእክት መላክ ርካሽ ነው፤ «ሺዳ» ላለው ሰው የሚደውል ባለሙያ ግን ደመወዝ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ከፋርማሲው መስኮት ፈንጠር ብሎ ለተቀመጠ ሰው የሚታይ ነገር ነው። መድኃኒት የተቀበለ ሰው ወዲያው አይወጣም፤ ጥግ ይዞ ብልቃጡን ከካርቶኑ ያወጣል፣ ስም ያለበትን ወረቀት በጥፍሩ ይልጣል፣ ክዳኑን ከፍቶ ሶፍት ይጎሰጉስበታል። ሲራመድ ክኒኖቹ እንዳይንኳኩ ነው። ካርቶኑን እዚያው ጥሎ፣ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን ከቦርሳው ግርጌ ቀብሮ ይሄዳል። የክኒን ድምፅ የሚፈራ ሰው ባለቤቱ ወይም ልጁ ሊያነበው በሚችል ስልክ ላይ «የመድኃኒት ሰዓትዎ ደርሷል» የሚል ጽሑፍ እንዲበራበት አይፈልግም። በአንድ ቤት አንድ ስልክ በሚዞርበት አገር ደግሞ ስልክ የግል ነው ብሎ መነሳት ራሱ ስህተት ነው። ለዚህ ነው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሠራው 952 ነፃ የስልክ መስመር፣ «ወገን» የሚባለው፣ እስካሁን ካየናቸው መሣሪያዎች ሁሉ ብልህ ሆኖ የሚታየኝ። ደዋዩ ስሙን አይጠየቅም፤ የፈለገውን ጠይቆ ይዘጋል። በኮቪድ ጊዜም ጤና ሚኒስቴር ይህንኑ ቁጥር ተጠቅሞበታል።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ምስጢር በኮምፒውተር ሲያመልጥ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ለንደን ውስጥ 56 ዲን ስትሪት የተባለ ክሊኒክ ለ780 ያህል ሰዎች የኢሜይል ዜና ላከ። አድራሻዎቹ መደበቅ ሲገባቸው ሁሉም ለሁሉም ታዩ፤ አብዛኞቹ አድራሻዎች ሙሉ ስም የያዙ ነበሩ፤ ከተቀባዮቹም አብዛኞቹ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ናቸው። ሠራተኛው አድራሻዎቹን በስውር መላኪያው መስመር ላይ ቢጽፋቸው ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ተቋም 180 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። ሲንጋፖር ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የ14,200 ሰዎች የኤችአይቪ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ ተገለጸ። ሌባው ሩቅ ሆኖ የተራቀቀ ጠላፊ አልነበረም፤ መዝገቡን ለማየት ሥልጣን የነበረው የአንድ ሐኪም የቅርብ ሰው ነበር።

እኛም ዘንድ ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚሁ አቅጣጫ ነው። ወረዳ ላይ የሚሠራው ዳታ ክለርክ የአንዷ ታካሚ የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩን ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል ሲከፍተው ማን ምን እንዳየ አይታወቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። በሌላ በኩል የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ በየአገልግሎቱ እየተጠየቀ ነው። መታወቂያውና የሕክምና መዝገቡ ቢገናኙ ሁለት ቦታ የተቆጠረው ሰው አንድ ይሆናል፤ የጠፋው ይገኛል። ግን ሰፈር ቀይሮ እንደ አዲስ የተመዘገበው ሰው ያንን ያደረገው እንዳይታወቅ ነበር። ሥርዓቱ በግድ ካገናኘው አንዳንዱ ሦስተኛ ቦታ ሊሄድ ይችላል፤ አንዳንዱም ምንም ቦታ። እኔ ግንኙነቱን እደግፋለሁ፤ በታካሚው ፈቃድ፣ ማን እንዳየው በሚመዘግብ ሥርዓትና የሚያየው ሰው በተወሰነበት መንገድ ከሆነ ብቻ።

ቴክኖሎጂው የሚቆመው ደግሞ በውስጡ ባለ ችግር ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2013 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ፤ ክልሉ የጦርነቱን አብዛኛውን ጊዜ ከመስመር ውጭ አሳለፈ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተር ያልተዘረፈበት ቦታ እንኳ የሚደወልበት መስመር፣ የሚሰጠውም መድኃኒት ብዙ ጊዜ አልነበረም። አማራ ክልል ውስጥም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእነዚያ ጊዜያት ሰውን ከመድኃኒቱ ጋር ያቆየው ከዚያ በፊት የተሰጠው የብዙ ወር መድኃኒትና በእግሩ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ነው።

ከዚያ በጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። በሳምንት ውስጥ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አሳወቀ። አብዛኞቹ በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ነርሶችም፣ ዳታ ክለርኮችም ይገኙባቸዋል። በኋላ ፔፕፋር የየአገሩን ቁጥር ይሰበስብበት የነበረው ዳቲም የተባለው የመረጃ ቋትም ተዘጋ። ለሕይወት አስፈላጊ የተባለው ሥራ፣ መድኃኒቱን ጨምሮ፣ በልዩ ፈቃድ እንዲቀጥል ተባለ፤ መድኃኒት አልጠፋም። የጎደለው ሌላ ነው። ኮምፒውተሮቹ በጠረጴዛቸው ላይ አሉ፤ ስማርት ኬርም ይከፈታል። ግን ትናንት የመጣውን ዛሬ የሚገለብጥ ሰው ከሌለ በነጋታው የሚወጣው ዝርዝር ውሸት ይሆናል፤ ዝርዝሩን ይዞ የሚደውል ሰው ከሌለ ደግሞ እውነት ቢሆንም ዋጋ የለውም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተገነባው ሥርዓት በአገር በጀት የተያዘው ምን ያህሉ እንደነበር ያኔ ታየ፦ ሕንፃው፣ ጠረጴዛው፣ የነርሷ ደመወዝ የእኛ ነው፤ ቆጣሪውና ደዋዩ ግን በዕርዳታ የቆሙ ነበሩ።

ሰውን ተከታትሎ የመፈለጉ ጉዳይ አሁን በአዲስ መልክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሌናካፓቪር የተባለውን መርፌ ለመከላከያነት አጸደቀ፤ በቀጣዩ ወር የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች እንዲጠቀሙበት መከረ። መርፌው በስድስት ወር አንዴ ቆዳ ሥር ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ቫይረሱ ለሌለበት ግን ለአደጋ ለተጋለጠ ሰው ነው፦ ለከባድ መኪና ሾፌሩ፣ ቡና ቤት ለምትሠራዋ፣ ባሏ ከቫይረሱ ጋር ለሚኖር ሴት። እነዚህ ሰዎች ሕመም ቀጠሯቸውን አያስታውሳቸውም። ካርድ ክፍል አያውቁም፤ ከተማም ሲምም ይቀያይራሉ። መርፌው ደግሞ ቀኑ ሲያልፍ ሁለት ሳምንት ያህል ይታገሣል፤ ከዚያ ካለፈ ሰውየው እንደገና ተመርምሮ፣ የሁለት ቀን ክኒን ጨምሮ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በመሀል ያለው ጊዜ የከፋ ነው፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እየሳሳ ለወራት ስለሚቆይ በዚያ ጊዜ የገባ ቫይረስ ሊላመደው ይችላል።

ዕቅዱ ሲወጣ የመርፌው ዋጋ ይሰላል፣ የባለሙያ ሥልጠና ይሰላል፣ የመጓጓዣው አበል ይሰላል። የስልክ ካርድ በየትኛው የበጀት መደብ እንደሚያዝም ከአሁኑ ቢጠየቅ ይሻላል፤ እስካሁን ከኪሳቸው እየሞሉ የሚደውሉ አሉና።